በበቆሎው አገር ስድስት ቀን

እታለም አሜሪካ ከገባች 22 ዓመት ሆናት። ሮቸስተር የምትባል የሚኒሶታ ከተማ ነው የምትኖረው። እሷ ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ መጥታለች፤ እኔ ግን ቤቷን አይቼው አላውቅም ነበር። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ቪዛው ተሳካና ሄድኩ። አንድ ወር ቆየሁ። ከወሩ ውስጥ ስድስቱን ቀን ከልጇ ጋር ደቡብ ሚኒሶታን በመኪና ዞርን። ይሄ የዚያ ዙር ማስታወሻ ነው። የጉዞው ቀን በኛ አቆጣጠር ነው፤ ስለ አሜሪካ ሳወራ ግን ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው።

የዞርንበት አገር በካርታ ላይ ስም አለው። የሚኒሶታ አንደኛው የኮንግረስ ምርጫ ክልል ይባላል። በምሥራቅ ከሚሲሲፒ ወንዝ ይነሳና በምዕራብ እስከ ሳውዝ ዳኮታ ወሰን ይዘልቃል። በደቡብ አዮዋ ነው። እኛ ጋ 547 የምርጫ ክልሎች አሉ፤ አንዱ ክልል ሲከፈል መቶ ሺሕ ገደማ ሰው ይይዛል ተብሎ ነው። እዚያ አንዱ ክልል 713,000 ሰው ይይዛል። የልብ ቀዶ ሐኪሙም፣ አሳማ አርቢውም፣ ሥጋ ቆራጩም፣ ተማሪውም ዋሽንግተን በተወካዮች ምክር ቤት ያላቸው ወኪል አንድ ነው። ይሄ ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። አንድ ሰው እነዚህን ሁሉ እንዴት አድርጎ ይወክላል?

ሚኒሶታ በዚህ ምክር ቤት በጠቅላላው 8 ወንበር አላት። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ስምንተኛዋን ወንበር ያተረፈችው በ26 ሰው ነው። ሁለት ታክሲ በሚሞላ ሰው ማለት ነው። ይሄን የነገረኝ የእህቴ ልጅ ነው። 19 ዓመቱ ነው፤ ማንኬቶ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። በፈረንጆቹ 2024 ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሚሰጥ ነበር። ሾፌሬም አስተርጓሚዬም እሱ ነው።

ጳጉሜን 5፣ ሮቸስተር

ወደ መሀል ከተማ ስንወርድ ዓይኔ ያረፈበት የመጀመሪያ ነገር በቆሎ ነው። ሰማይ ላይ የቆመ፣ ከነቅጠሉ የተሠራ በቆሎ። በ1931 የተሠራ የውኃ ታንከር ነው። ከሥሩ አትክልት የሚያሽግ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው ተዘግቶ ፈርሷል። በቆሎውን ግን ሕዝቡ ስለሚወደው አልነኩትም።

ከበቆሎው አልፎ የሚታየው ሁሉ ሆስፒታል ነው። ማዮ ክሊኒክ ከተማው ውስጥ ያለ ሆስፒታል ነው ከማለት ከተማው ሆስፒታሉ ውስጥ አለ ማለት ይቀላል። ታሪኩን እህቴ እንደ ተረት ነው የምታወራው። በ1883 ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሮቸስተርን መታ። ቁስለኛ የሚተኛበት ቦታ አልነበረም። የፍራንሲስካን መነኮሳት ሆስፒታል እንሥራ አሉ። ሐኪሙ ዊልያም ወራል ማዮና ሁለት ልጆቹ እናክማለን አሉ። በ1889 በ27 አልጋ ተከፈተ። ዛሬ በሚኒሶታ ትልቁ የግል ቀጣሪ ነው። በ2023 ደግሞ ከተማው ውስጥ ለማስፋፊያ 5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ አስታውቋል። ክሬኖቹን በዓይኔ አየኋቸው።

ሕንፃዎቹ ከፎቅ ወደ ፎቅ በመስታወት ድልድይ ተያይዘዋል። ከመሬት በታችም መተላለፊያ አለ። የክረምቱ ብርድ ሰው ስለሚያደርቅ ነው። በዊልቸር የሚገፉ አረቦች፣ ኮፍያ ያደረጉ ገበሬዎች፣ ሶማሌ ሴቶች፣ ነጭ ጋውን የለበሱ ሕንዶች በአንድ ኮሪደር ያልፋሉ። እህቴ የነርስ ረዳት ናት። «ገበሬዎቹን ስይዛቸው እጃቸውን አውቀዋለሁ» አለችኝ። «የአባታችን እጅ ነው። ሻካራ።»

ማኪያቶ 5 ዶላር ከ25 ሳንቲም ከፈልኩ። ብራችን ያን ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኖ ነበር። ሒሳቡን በልቤ እየመታሁ ነው የጠጣሁት። የእህቴ ቤት ባለ ሁለት መኝታ ነው፤ ኪራዩ 1,650 ዶላር ነበር። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት 1,400 ነበር። ሆስፒታሉ ባደገ ቁጥር አከራዮችም አብረው ያድጋሉ። ከሥራ ጓደኞቿ ሦስቱ ከተማውን ለቀው 40 ደቂቃ ከሚርቅ የገጠር ከተማ እየተመላለሱ ይሠራሉ።

ማታ የትራምፕና የካማላ ሃሪስ ክርክር ነበር። እህቴ ለበዓሉ ድፎ እያቦካች፣ እኛ ሶፋ ላይ። ትራምፕ በኦሃዮዋ ስፕሪንግፊልድ የመጡት ስደተኞች የሰው ውሻ ይበላሉ አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ «እማዬ፣ ስለኛ አይደለም እኮ ያወራው» አላት። እህቴ ከሊጡ ቀና ሳትል «ስለማን ነው ታዲያ?» አለችው። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ዳቦው ግን በጣም አምሮ ተጋገረ።

መስከረም 1፣ ኦስቲን

እንቁጣጣሽ ረቡዕ ዋለ። ስለዚህ ዶሮ የለም፤ ሽሮ፣ ሱፍ ፍትፍትና ድፎ ዳቦ ነው። ቡናው ተፈልቶ ሦስተኛው ከተጠጣ በኋላ ወጣን። ከከተማ እንደወጣን መንገዱ ዳርና ዳር ቢጫ የዱር አበባ ለብሷል። አደይ አይደለም፤ ቁመቱም ቅጠሉም ሌላ ነው። ግን መስከረም 1 ቀን ያንን ቢጫ ሳይ ልቤ ተነካ። መኪናውን አስቁሜ አንድ እቅፍ ቆረጥኩ።

ኦስቲን ከሮቸስተር 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 26,000 ሰው ይኖርባታል። ከተማዋን ያቆማት ሥጋ ነው። ጆርጅ ሆርሜል በ1891 ቄራውን ከፈተ። በ1937 ስፓም የሚባለውን የታሸገ የአሳማ ሥጋ ማምረት ጀመሩ፤ በዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደር ሁሉ በላው። ዛሬ ዋናው ጎዳና ላይ የስፓም ሙዚየም አለ። መግቢያው ነፃ ነው። አስጎብኚዎቹ እየዞሩ በስንጥር የተሰካ ቁራጭ ያስቀምሳሉ። እኔ አሳማ አልበላም፣ አመሰገንኩና አለፍኩ። ሙዚየሙ ደማቅና ደስ የሚል ነው።

ከተማው ግን ደስታ ብቻ አላለፈበትም። በ1984 ፋብሪካው የሰዓቱን ክፍያ ከ10 ዶላር ከ69 ሳንቲም ወደ 8 ዶላር ከ25 አወረደ። በ1985 ወደ 1,500 የሚጠጋ ሠራተኛ ሥራ አቆመ። በጥር 1986 የግዛቱ ገዥ ብሔራዊ ዘብ ወደ ከተማው ላከ። አድማው ተሸነፈ። ወንድም ከወንድም ተለያየ፤ አንዱ ሥራ ሲመለስ አንዱ አጥር ላይ ቆሞ ይሰድበው ነበር። በአንድ ቁርስ ቤት የቀዱልን ሴትዮ አባቷ እስኪሞት አጎቷን እንዳላናገረው ነገረችን። አርባ ዓመት ገደማ ሆኖታል። አሁንም ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ወደ ቄራዎቹ ሌላ ሰው መጣ። ሜክሲኮ፣ ጓቴማላ፣ ምያንማር፣ ሱዳን። ከኛም አገር የጋምቤላ አኙዋዎች። ከአፍሪካ ውጭ ካሉት አኙዋዎች ብዙዎቹ የሚኖሩት ሚኒሶታ ነው። ይሄን አዲስ አበባ ተቀምጬ አላውቅም ነበር፤ ባለማወቄም አዘንኩ።

የእህቴ የሥራ ባልደረባ የሆነች የአኙዋ ልጅ አባቷን እንድንጠይቅ አድራሻ ሰጥታናለች። ሽማግሌው በር ላይ ጠበቁን። አበባውን ሰጠኋቸው። «እንኳን አደረሰዎት አባባ» አልኳቸው። ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደኔ ዞሩና «ደገኛ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ግባ።»

ገንፎ ቀረበልን። የበቆሎ ገንፎ፣ ከዓሣ ጋር። ዓሣውን በጾም ምክንያት ተውኩት፤ እሳቸውም አልተቀየሙም። በቆሎው ጋምቤላ ባሮ ወንዝ ዳር ይዘሩት እንደነበረው ነጭ እንዲሆን ዱቄቱን መርጠው እንደሚገዙ ነገሩኝ። «ውጭ የምታየው በቆሎ ለአሳማና ለነዳጅ ነው» አሉ። «የሰው አይደለም።» በአንድ የሥጋ ፋብሪካ 14 ዓመት ትከሻ ሲቆርጡ ኖረዋል። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች አይታጠፉም።

ከዚያ ስለዚያ ቅዳሜ አወሩ። በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ጋምቤላ ከተማ። የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች የሞቱት ከ400 በላይ መሆናቸውን መዝግበዋል። ገዳዮቹ ወታደሮችና ደገኛ ነዋሪዎች ነበሩ። ሽማግሌው የሞቱባቸውን ሰዎች ስም በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ። ወንድማቸው። ሁለት የአጎት ልጆች። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛቸው። የማይታጠፉት ጣቶች ላይ ሲደርሱ በግራ እጃቸው እየያዙ ቆጠሩ። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ሰምቼ ነበር። ሰምቼ ደግሞ ወደ ሥራዬ ሄጃለሁ። ይቅርታ አልኳቸው፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«አንተ አልነበርክም» አሉኝ። «ግን ስማው።»

ስናወራ ቆይተን ፊታቸው የፈካው ስለ ከተማው ምክር ቤት ሲያነሱ ነው። ኦባላ ኦባላ የሚባል የጋምቤላ ልጅ በ2020 የኦስቲን ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመርጧል። ከዚያ ጭፍጨፋ ሸሽቶ ኬንያ ዳዳብ ካምፕ ያደገ ነው። በ2013 አሜሪካ ገባ። ዜግነት ያገኘው ታኅሣሥ 2019 ላይ ነው። በዓመቱ ተመረጠ። በከተማዋ ታሪክ የመጀመሪያው ስደተኛ የምክር ቤት አባል ነው። «ፈረንጆቹ ናቸው የመረጡት» አሉ ሽማግሌው። «እኛ ስንት ሆነን ነው?» የሚኖሩበት ካውንቲ፣ እንደኛ ወረዳ ያለ ነው፣ ኦባማን ሁለቴ መርጦ ከ2016 ጀምሮ ወደ ትራምፕ የዞረ ነው። ያው ሕዝብ ነው ኦባላን የመረጠው። ይሄንን አገር በአንድ ቃል ሪፐብሊካን ወይም ዴሞክራት ብሎ መጥራት እንደማይበቃ የገባኝ ያኔ ነው።

ስንነሳ አንድ ነገር ጠየቁኝ። በመጨረሻ እነግራችኋለሁ።

መስከረም 2፣ በትልቁ መንገድ ወደ ምዕራብ

90 ቁጥር አውራ ጎዳና ቀጥ ያለ ነው። ዳገት የለም፣ ኩርባ የለም። ቀኝ በቆሎ፣ ግራ አኩሪ አተር፣ መሀል ላይ ረጅምና ነጭ የአሳማ ቤት። አሳማው አይታይም፤ ሽታው ግን መስኮት ተዘግቶም ይገባል። ሚኒሶታ በአሳማ እርባታ ከአዮዋ ቀጥላ ሁለተኛ ናት።

አልበርት ሊ ላይ ምሳ በላን። ሁለት ሾርባና አንድ ሳንድዊች 31 ዶላር። ከተማው ሐይቅ ዳር ነው፣ ቆንጆ ነው። ሱቆች ፊት ለፊት የተለጠፈ ያረጀ ወረቀት አየሁ፤ ስለ ሆስፒታል ነው። በ2017 ማዮ በዚህ ከተማ ሆስፒታል ያለውን የተኝቶ ሕክምና አብዛኛውን ወደ ኦስቲን እንደሚያዛውር ሲያስታውቅ ሕዝቡ ተነስቶ ነበር። ሪፐብሊካኑም ዴሞክራቱም አንድ ላይ ሰልፍ ወጡ። ሮቸስተር ላይ ክሬን ያየ ሰው እዚህ መጥቶ ይሄንን ቢያይ ጥሩ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ክረምት ላይ በበረዶ 35 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ለኛ አገር ሰው 35 ኪሎ ሜትር ቅርብ ሊመስል ይችላል። ግን የነበረን ነገር ማጣት የራሱ ሕመም አለው።

ብሉ ኧርዝ ላይ የአረንጓዴው ግዙፍ ሰው ሐውልት አለ። 17 ሜትር ገደማ ቁመት አለው። የታሸገ አተርና በቆሎ ምልክት ነው። ይሄ 90 ቁጥር መንገድ ከምሥራቅና ከምዕራብ ሲሠራ መጥቶ በ1978 የተገናኘው እዚሁ ጋ ነው።

ጃክሰን ከመድረሳችን በፊት ጎማ ፈነዳ። ስኮርታው ነበረ፤ ክሪኩ ግን ዝጎ አይዞርም። ከባድ መኪኖች በጎናችን ሲያልፉ መኪናችን ትንቀጠቀጣለች። ልጁ ወደ ኢንሹራንስ ደወለ፤ ሁለት ሰዓት ጠብቁ አሉት። ፀሐዩ ያቃጥላል። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆመን አንድ ፒክአፕ ከፊታችን ቆመ። ከኋላው የትራምፕ ስም የተጻፈበት ባንዲራ አለው። እውነት ለመናገር ደነገጥኩ። ልጁም ስልኩን ያዝ አደረገ።

የወረዱት ሰውዬ ስድሳዎቹ ውስጥ ናቸው። ምንም ሳይጠይቁ ክሪካቸውን አወጡ። ቡሎኖቹን እሳቸው ፈቱ፣ ልጁ ጎማውን አነሳ። ከዚያ «ይሄ ስኮርታ ሩቅ አያደርሳችሁም» ብለው እስከ ቤታቸው አስከተሉን። ጎረቤታቸው አሮጌ ግን ደህና ጎማ አለው፤ በ40 ዶላር ሸጠልን።

ሚስታቸው ሎሚ በበረዶ አቀረበችልን። እርሻቸው 1,200 ኤከር ነው። በልቤ ቆጠርኩት፤ 12 ጋሻ ነው። ያን ሁሉ የሚያርሱት እሳቸውና አንድ የወንድማቸው ልጅ ናቸው። በኛ አገር 12 ጋሻ መሬት ላይ ስንት ቤተሰብ ይኖራል! እሳቸው ግን ሀብታም ነኝ አላሉም። አንድ ቡሼል በቆሎ፣ 25 ኪሎ ማለት ነው፣ ያን ጊዜ ከ4 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ኩንታሉ 16 ዶላር አይሞላም ነበር። ማሽን ውድ ነው፣ ማዳበሪያ ውድ ነው። በ2018 ቻይና በአኩሪ አተር ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ስትጭን ብዙ ጎድቷቸዋል። ቀረጡ ትራምፕ ለጣለው ቀረጥ የተመለሰ መልስ ነበር። እንዲያም ሆኖ በ2020 ለትራምፕ ነው ድምፅ የሰጡት።

ልጁ በትሕትና «ለምን?» አላቸው።

«ሌሎቹ ይንቁናል» አሉ።

አሳማቸው ወርዚንግተን ነው የሚሸጠው። እዚያ ፋብሪካ የሚሠሩት አብዛኞቹ ከውጭ የመጡ ሰዎች መሆናቸውን እኛ ሳንጠይቅ እሳቸው አነሱት። ሕግ ይከበር፣ ድንበር ይዘጋ አሉ። ቀጥለው ደግሞ እነዚህ ሠራተኞች ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ይቆዩ አሉ። ሁለቱም ከልባቸው ነው። የራሳቸው ሦስት ልጆች ሚኒያፖሊስ ገብተዋል፤ የሚመለስ የለም። ስንወጣ ለእህቴ ብለው አንድ ከረጢት ቲማቲም ሰጡን።

መስከረም 3፣ ወርዚንግተን

ሞቴሉ 84 ዶላር ነበር፤ ቁርሱ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል። አርብ ስለሆነ ዳቦውን ብቻ በላሁ። የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ከመስኮቱ ይታያሉ፤ አዳማ አካባቢ እንዳሉት ያሉ፣ ቁጥራቸው ግን አያልቅም።

ወርዚንግተን 14,000 የሚጠጋ ሰው አላት። ጠዋት ዋናውን ጎዳና በእግራችን ሄድንበት። ከተዘጋ የድሮ ፋርማሲ ቀጥሎ የሜክሲኮ ዳቦ ቤት፣ የላኦስ ምግብ፣ የሶማሌ ሱቅ፣ የሐበሻ ቤት። ብዙ የአሜሪካ ትናንሽ ከተሞች ሕዝባቸው እየነጠፈ ነው። ይቺ ግን ልጅ የሞላባት ከተማ ናት። ምክንያቱ ከከተማው ጫፍ ያለው፣ ጄቢኤስ የሚባል ኩባንያ የአሳማ ቄራ ነው። ከ2,000 በላይ ሰው ይሠራበታል፤ በቀን ወደ 20,000 የሚጠጋ አሳማ ይታረድበታል።

ሐበሻ ቤቱ ስድስት ጠረጴዛ ነው ያለው። የጾም በያይነቱ 16 ዶላር። እንጀራው ከገብስና ከጤፍ የተደባለቀ፣ ዓይኑ የወጣ። ባለቤቷ ከማታ ፈረቃ የሚወጡ ሠራተኞች እንዲደርሱበት እስከ እኩለ ሌሊት ትከፍታለች። የወር አስቤዛዋን ከሳውዝ ዳኮታዋ ሱ ፎልስ ከተማ በራሷ መኪና ነው የምታመጣው። አብሯት የሚሠራ የጓቴማላ ልጅ ስምንት ዓመት ያለ መንጃ ፈቃድ ሲፈራ ኖሯል። ሚኒሶታ በ2023 ወረቀት ለሌላቸውም መንጃ ፈቃድ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ገዥው ቲም ዋልዝ ናቸው የፈረሙት። የጓቴማላው ልጅ ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ አሳየን። ጫፉ ላይ ታጥፏል፤ ከኪሱ አይለየውም።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ባለቤቷ ነገረችን። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 12 ቀን 2006 የኢሚግሬሽን ፖሊስ በስድስት ግዛት ያሉ ቄራዎችን በአንድ ጊዜ ገባ። 1,300 ገደማ ሰው ተያዘ፤ ከወርዚንግተን ብቻ 230 ያህል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቤቱ ባዶ ነበር። ዛሬም ነጭ ቫን ሲቆም የሚሸሹ አሉ አለችን።

ትምህርት ቤቱንም አየነው። ክፍሎቹ ሞልተው ሌላ ሕንፃ ያስፈልግ ነበር። ለዚያ የንብረት ግብር ይጨመር ወይ ተብሎ ሕዝቡ ከ2013 ጀምሮ አምስት ጊዜ ድምፅ ሰጠ፤ አምስቱንም አይሆንም አለ። ብዙ መሬት ያላቸው ገበሬዎች ግብሩ በነሱ ላይ ይወድቃል ብለው ተቃወሙ። ልጆቻቸው በዚያ የሚማሩት ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ ዜጋ አይደሉም፤ ድምፅ የላቸውም። በስድስተኛው፣ በ2019፣ በጥቂት ድምፅ አለፈ። የትናንቱን ሰውዬ አሰብኩ። አሳማቸውን የሚያርዱላቸው የነዚህ ልጆች ወላጆች ናቸው። ይሄን እሳቸውም ያውቁታል። የግብሩን ደረሰኝ ደግሞ ሚስታቸው አሳይታናለች፤ ቀላል አይደለም። የቱንም ወገን ልፈርድበት አልቻልኩም። ግን ከልጅ ክፍል የሚቀድም ነገር ሊኖር አይገባም ብዬ አምናለሁ።

መስከረም 4፣ ማንኬቶ

60 ቁጥርን ይዘን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተመለስን። ቤንዚን በጋሎን 3 ዶላር ከ9 ሳንቲም ቀዳን።

ማንኬቶ ከመግባታችን በፊት ራፒዳን ግድብን ለማየት ታጠፍን። በ1910 የተሠራ ግድብ ነው፣ ብሉ ኧርዝ ወንዝ ላይ። በ2024 ሰኔ ላይ በኃይለኛ ዝናብ ወንዙ ግድቡን በጎን ቦርቡሮ ወጣ። አንድ ቤት ገደል ገባ። አጠገቡ ፓይ በመሸጥ የታወቀ የቤተሰብ ሱቅ ነበር፤ እሱም ሊገባ ሲል ካውንቲው ገዝቶ አፈረሰው። እኛ ስንደርስ የተቆረጠ ገደል፣ ቡኒ ውኃና አጥር ብቻ ነበር። አንዲት አሮጊት አጥሩን ይዘው ቆመው ነበር። በየእሑዱ ከባላቸው ጋር እዚህ ፓይ ይበሉ እንደነበር ነገሩን። ከአርባ ዓመት በላይ።

ከተማው ውስጥ ወንዙ ዳር የእርቅ መናፈሻ አለ። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 26 ቀን 1862 ዳኮታ የሚባለው የአገሩ ነባር ሕዝብ ልጆች የሆኑ 38 ሰዎች እዚያ አካባቢ በአንድ ጊዜ ተሰቅለዋል። በአሜሪካ ታሪክ በአንድ ቀን ትልቁ የሞት ቅጣት ነው። 303 ሰው ተፈርዶበት ሊንከን ዝርዝሩን አይተው ነው ወደዚህ ያወረዱት። ትልቅ የብራና ጥቅልል የሚመስል ሐውልት በ2012 ቆሟል። 38ቱ ስም ተጽፎበታል። የእህቴ ልጅ ስሞቹን ጮክ ብሎ ለማንበብ ሞከረ፤ ብዙዎቹን ማለት አቃተው። እንደገና ጀመረ። እኔ የሽማግሌውን ጣቶች ነበር የማየው።

ማንኬቶ የቲም ዋልዝ ከተማ ናት። ያን ጊዜ የሃሪስ ምክትል ሆነው የሚወዳደሩት ዋልዝ እዚህ በማንኬቶ ዌስት ሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ ያስተምሩ ነበር። የአሜሪካ ፉትቦልም ያሠለጥኑ ነበር። በ2006 ተወዳድረው ይሄንኑ ክልል 12 ዓመት በኮንግረስ ወከሉ። ገጠር ገብተው ከገበሬ ጋር ያወሩ ነበር ይላሉ ሰዎች፤ አደን ያድኑ ነበር። እሳቸው ሲለቁ በ2018 ወንበሩን ሪፐብሊካኑ ጂም ሃግዶርን በ1,315 ድምፅ ብቻ ወሰዱት። በ2022 በካንሰር ሲሞቱ በማሟያ ምርጫ ብራድ ፊንስታድ ተተኩ። ፊንስታድ ገበሬ ናቸው፣ ከኒው ኡልም አካባቢ። ያን ጊዜ በፊንስታድ የተሸነፉት ዴሞክራት ደግሞ የሆርሜል የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ጄፍ ኤቲንገር ነበሩ። ገበሬው ሪፐብሊካን፣ የፋብሪካው አለቃ ዴሞክራት። የሚኒሶታ ዴሞክራቶች ፓርቲ ስሙ ግን የገበሬና የሠራተኛ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ነው፤ በ1944 ሁለት ፓርቲ ተዋህዶ የወጣ ስም ነው። የ1985ቱን አድማ የሚያስታውስ የኦስቲን ሽማግሌ ይሄን ሲያይ ምን ይላል?

ማታ የልጁ ጓደኞች ፒዛ አዝዘው ተከራከሩ። አንዷ የገበሬ ልጅ ናት፣ አንዱ ሶማሌ ነው። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ ተማሪ የሚመዘገበው ወላጆቹ ጋ ነው ወይስ እዚህ? ሚኒሶታ ከ1974 ጀምሮ በምርጫው ቀን ሄዶ መመዝገብ ይቻላል። ለኛ ሰው ይሄ የሚያስቀና ነገር ነው። የመኖሪያ ማረጋገጫ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ትመዘገባለህ፣ ትመርጣለህ፣ ትመለሳለህ። የእህቴ ልጅ ማንኬቶ እንደሚመዘገብ ወሰነ። «እዚህ ነው የምኖረው» አለ።

መስከረም 5፣ ወደ ሮቸስተር

እሑድ ቅዳሴ አመለጠን። እህቴ ከሰዓት ሥራ ስለነበረች ዶሮውን ጠዋት ሠርታ ጠበቀችን። ቲማቲሙን ከረጢት ስሰጣት ከማን እንደሆነ ነገርኳት። ባንዲራውንም ነገርኳት። ዝም ብላ አጠበችው። ግማሹን ለሰላጣ ከተፈች፣ ግማሹን ለሌላ ቀን አስቀመጠች። «ጥሩ ቲማቲም ነው» አለች።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ኅዳር ላይ በፈረንጆቹ ውጤቱ ተሰማ። ፊንስታድ ከሮቸስተር የመጡትን ዴሞክራት ራቸል ቦህማንን በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። የዋልዝ ካውንቲ ብሉ ኧርዝ ሳይቀር ለትራምፕ ሆነ። ሮቸስተር ያለበት ካውንቲ ለሃሪስ ድምፁን ሰጠ። የእህቴ ልጅ ቀዩን የመራጭ ምልክት ደረቱ ላይ ለጥፎ ፎቶ ላከልኝ።

ሽማግሌው ስንነሳ የጠየቁኝ እንዲህ ነው። «አገር ስትገባ ጋምቤላ ሂድ። ባሮ ድልድዩ ላይ ቆመህ ፎቶ አንሳልኝ። ውኃው እንዲታይ አድርገህ።» እሺ ብያቸዋለሁ። ሁለት ጊዜ ደውለው ጠይቀውኛል። እስካሁን አልሄድኩም።